የምትኩ ቁንጮ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የልጅ ራስ እንኳ የእናቱ አልነበረም! አትሳቁ፣ የሚያስቅ አይደለም የማወራችሁ። በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ጉለሌ። ሁለት ልጅ ቀብሬ ምትኩን ወለድኩ፤ ታዲያ እንጦጦ ማርያም ወጣሁና “ይሄን ካቆየሽልኝ ቁንጮውን ምላጭ አላስነካም፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው ደጅሽ አምጥቼ አስቆርጠዋለሁ” ብዬ ተሳልኩ። ዙሪያውን እላጨዋለሁ፣ እርግብግቢቱ ላይ ያለችውን ግን ቅቤ እቀባታለሁ፣ እጎነጉናታለሁ፣ እና ይኸውላችሁ፣ እስከ ማጅራቱ ወርዳ ነበር!

ታዲያ አምስት ዓመት ሲሆነው ቀበሌው “የንጽሕና ዘመቻ” አለና የሠፈሩን ልጅ ሁሉ ግቢው ውስጥ አሰለፈ። ቅማል ሊያጠፉ ነው አሉ። አንድ ፀጉር ቆራጭ፣ አንድ ቶንዶዝ! ከምትኩ ፊት የቆመው ልጅ ደግሞ ራሱን ቆረቆር ወርሶታል፣ ነጭ ቅርፊቱ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ቆራጩ እሱን ላጨና ቶንዶዙን እፍ አለው። እፍ! በቃ፣ እፍ አለና “ቀጥል!” አለ።

“ኧረ ባክህ ወንድሜ፣ በአልኮል ጥረገው!” አልኩት።

“አልኮል የለም።”

“እንግዲያው በፈላ ውሃ! ደግሞ የኔ ልጅ ቁንጮ የስለት ነው፣ አይነካም!”

ይሄኔ ሊቀመንበሩ መጣ፣ ጎፈሬውን እንዲህ ከምሮ፣ ሽጉጡን ታጥቆ፣ እና ድምፁን አወፍሮ “አንቺ ሴትዮ! ስለት የአድኃሪ ወሬ ነው! ዘመቻ ልታደናቅፊ ነው?” አለኝ።

እኔም ደሜ ፈላና “ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ግንባር ቀደም አይደሉም? መጀመሪያ በዚሁ ቶንዶዝ የርስዎን ጎፈሬ ያስላጩ!” አልኩት። እናቶቹ “እውነቷን ነው! እውነቷን ነው!” አሉ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? “የኔ ንጹሕ ነው!” የኛ ልጆች ቆሻሻ፣ የሱ ንጹሕ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ታዲያ አንዱ አብዮት ጠባቂ ክንዴን ጠምዝዞ ወደ በሩ ጎተተኝ፣ ምትኩ “እማዬ!” አለ፣ ዞር ስል ቁንጮው መሬት ወድቋል። ወር ሳይሞላ አናቱ ቆሰለ። ቅባቱን ቀባን፣ ጠበሉን አስጠመቅን፣ እና ቁስሉስ ዳነ፣ ፀጉሩ ግን እምቢ አለ፣ እምቢ! የሠፈሩ ልጅ ግማሹ እንዲያ ሆነ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ስብሰባ ጠርቶ “ዘመቻው በድል ተጠናቋል፣ አጨብጭቡ!” አይል መሰላችሁ? እኔ አላጨበጨብኩም።

ሰባት ሲሞላው ባዶ አናቱን ይዤው እንጦጦ ወጣሁ። “እመቤቴ፣ ስለትሽን የበላሁት እኔ አይደለሁም፤ የቀሙሽ እነሱ ናቸው፣ እነሱን ጠይቂ!” አልኳት።

“ታዲያ ጠየቀቻቸው፣ እማማ?”

“ተይኝ ልጄ! ባለፈው እሑድ አየሁት እኮ ሊቀመንበሩን፣ ነጠላ ለብሶ፣ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ያስቀድሳል። ጎፈሬው ሸበተ እንጂ አንዲት ዘለላ አልጎደለችም። የኔው ምትኩ ነው ለሰርጉ ቀን እንኳ ኮፍያውን አላወልቅም ያለኝ!”