ቀይ የተቀባው የሆኪ ዱላ

ከሃሊሳ ሰፈር ወደ ክርያት ሞጽኪን ከተማ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም። እሷ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዛለች።

«ልጄ፣ የገና ዱላ ነው?»

«የሆኪ ነው አባባ። እንደ ገና ነው፣ ግን ከሥሩ መንኮራኩር ባለው ጫማ እየተንሸራተትን ነው የምንጫወተው።»

«እኛም ጎንደር ሳለን ገና እንጫወት ነበር። ዱላውን ቀለም የሚቀባ ግን አላየሁም። ለውበት ነው?»

«አይ፣ ሌሎቹ ጥቁር ነው የሚቀቡት። እንደ ሩር የምንመታት ጎማ ጥቁር ስለሆነች፣ ዱላው ላይ ስትሆን የተጋጣሚያችን በረኛ አትለያትም።»

«ያንቺ ቀይ ነው እኮ!»

«አያቴ ዓይኗ ደክሟል። ልብሳችን አንድ ነው፣ ፊታችንም ይሸፈናል። ባለፈው ጨዋታውን ሙሉ ሌላ ልጅ ስትመርቅ ዋለች።»

«ታዲያ በረኛዋ አታይብሽም?»

«ታይብኛለች። አሰልጣኜም ተቆጥቷል። ቤሰደር፣ እሺ፣ ጎሉ ይቅር፤ አያቴ ግን ትየኝ።»

ሽማግሌው ቀዩን ዱላ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ጨዋታው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ከሰዓት። ይመጣሉ አባባ?»

«እመጣለሁ እንጂ። ከአያትሽ ጎን አስቀምጪኝ፤ አብረን እንመርቅሻለን።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ለመሄድ ሐሙስን በልቤ ያዝኩ።