ባልደረባዬን ልጥራ ያለው ሐኪም

አርፋችሁ ቁጭ በሉ፣ ማንም እንዳይነሳ! አንቺ የእህቴ ልጅ፣ እንደተናገርኩት ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው። አገራችን ነጻ የወጣች ሰሞን ነው፣ አንቺ ገና ጡት ትጠቢያለሽ። እናትሽ ለተኪዳን ትንፋሽ አጥሯት ሦስት እርምጃ መሄድ አቃታት። እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ሦስት ሐኪሞች አብረው የሚሠሩበት ክሊኒክ ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም ደረቷን አዳመጠ፣ ደግሞ አዳመጠና ምን አለ? «እህቴ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ባልደረባዬን ልጥራ።» ደሜ ፈላ! «አንተ ሐኪም ነህ ተማሪ? ተነሺ ለተኪዳን፣ የሚያውቅ ሰው ጋ እንሂድ!» ብዬ ክንዷን ይዤ ወጣሁ።

በር ላይ ተራ የሚጠብቁ፣ ጥቁር የለበሱ እናት ቀሚሴን ያዙኝ። «ወዴት ነው ጓለይ፣ ልጄ?»

«አላውቅም የሚል ሐኪም ምን ያደርግልኛል አደይ፣ እናቴ?»

«የኔን ልጅ ያከመው አላውቅም አላለም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ማንንም ሳይጠይቅ ብርድ ነው ብሎ ሰደደን። በሳምንቱ ቀበርኩት። እኔ እዚህ የምመጣው እርስ በርስ ስለሚጠያየቁ ነው።»

እናትሽን ደግፌ ተመለስኩ። ትልቁ ሐኪም መጥቶ ብዙ አዳመጣት። «ሳንባዋ አይደለም፣ ልቧ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ትግባ» አለ። ወጣቱንም «እንኳን ጠራኸኝ» አለው። እኔ አፍሬ መሬት መሬቱን አያለሁ። ያን ቀን እልኬን ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ አንቺ እናቴ ብለሽ የምትጠሪው… እወ፣ እወ ለተኪዳን፣ ሰምቻለሁ፣ መጣሁ!