የወይዘሮ ዙልሚራ ክዳኖች

ወይዘሮ ዙልሚራንና ወጣቱን ቴልሞን ያገናኛቸው አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው። ጥቅምት ገብቶ፣ ባሕሩ መቆጣት የጀመረበት ሰሞን ነበር። እኔ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረፋዱን የማሳልፈው በደሴታችን ወደብ ቡና ቤት ነውና፣ ነገሩን ከመጀመሪያው አይቻለሁ።

ወይዘሮ ዙልሚራ አራት ዓመት ያላወለቁትን ጥቁር ልብስ እንደለበሱ ገቡና የደም ግፊት ኪኒናቸውን የሚውጡበት ውሃ ገዙ። ጠርሙሱን ከፍተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ፣ ከአንገቱ ጋር በቀጭን ማሰሪያ የተያያዘው ክዳን ተወርውሮ አፍንጫቸውን መታቸው። ውሃውም ደረታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ይኸው ደግሞ!» አሉ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርገው። «ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ውሃ ጠጥቼ፣ ዛሬ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ ላፍስስ? ክዳንን ከጠርሙስ ጋር ማሰር የማን ጥበብ ነው? ፍየል ነው እንዴ እንዳይጠፋ የሚታሰረው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ያው ክዳን ባለፈው ሳምንት ከንፈሬን ቧጥጦኝ ነበርና። በዚያን ዕለት ከጀልባ የወረደ አንድ ወጣት ግን ሳይስቅ ተነሥቶ መጥረጊያ ወረቀት አቀረበላቸው።

«ይፍቀዱልኝ፣ አክስቴ። ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው ቀጭ እስኪል ቢጫኑት እዚያው ይቆማል። አፍንጫዎን አይነካም።»

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?»

«የጀልባ ሠሪው የባልታዛር ልጅ ነኝ። ቴልሞ።»

«ቴልሞ! በለሴን ስትሰርቅ ከአጥር ላይ የወደቅኸው? እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄድከው የጠርሙስ አከፋፈት ለመማር ነዋ!»

«የባሕር እንስሳት ነው የተማርኩት፣ አክስቴ» አለ ፈገግ ብሎ። «የጠርሙሱ ነገር ግን ከእነሱ ጋር ይገናኛል። ለምን እንደታሰረ ልንገርዎት?»

«ንገረኝ። ጆሮዬን እንኳ ገና አላሰሩትም።»

ይህን እያሉ ከቦርሳቸው መቀስ አወጡና ማሰሪያውን ቆርጠው፣ ክዳኑን በትንሽ ከረጢት ከተቱ። እኛ የመንደሩ ሰዎች መቀሱን እናውቀዋለን። ምክንያቱንም እናውቃለን።

የወይዘሮ ዙልሚራ አንድያ ልጅ አልዚራ ከተወለደች ጀምሮ መራመድ አትችልም ነበር። እናትዮዋ ከወደቡ እስከ ቤታቸው ያለውን ዳገት ልጅቱን አዝለው ይወጡት ነበር፤ ልጅቱ ካደገችም፣ ወገባቸው ከጎበጠም በኋላ። በአገራችን የጠርሙስ ክዳን ሰብስቦ ለሚያቀልጡት ፋብሪካዎች ማስረከብ፣ በሚገኘውም ለአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበር መግዛት የቆየ በጎ ልማድ ነው። መንደሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ለአልዚራ ክዳን ለቀመ። ወንበሩ የመጣ ዕለት ልጅቱ በገዛ እጇ ጎማውን እየገፋች ባሕሩ ዳር ደረሰች። «እማዬ፣ ማንም ሳይሸከመኝ መጣሁ» ብላ የጮኸችው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አምስት ዓመት በዚያ ወንበር ኖረች። ከዚያ በአንድ ክረምት የሳንባ ምች ወሰዳት። ወንበሩ ሳምንት ሳይሞላው ለሌላ ደሴት ልጅ ተሰጠ። እናትዮዋ ግን ክዳን መሰብሰባቸውን አላቆሙም።

ቴልሞ ወንበር ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠ። «አክስቴ፣ ጠርሙስ ቢወድቅ ይታያል፤ አንዱ ያነሣዋል። ክዳን ግን ትንሽ ነው፤ ከእጅ ያመልጣል፣ ማንም አያጎነብስለትም። ዝናብ ወደ ጎርፍ መውረጃው፣ ጎርፉ ወደ ባሕር ይወስደዋል። ጠርሙሱ ውሃ ሞልቶ ይሰምጣል፤ ክዳኑ ግን ለዓመታት ይንሳፈፋል። ታስሮ ከቀረ ጠርሙሱ የሄደበት ይሄዳል። ሕጉም የወጣው ለዚህ ነው።»

«መልካም። እኔ ግን አልጥልም! እሰበስባለሁ እንጂ። በሚጥለው ጥፋት እኔ ለምን ልቀጣ? ጣቶቼን ተመልከት፣ በቁርጥማት ተጣመዋል። በቀን ሃምሳ ማሰሪያ እቆርጥባቸዋለሁ።»

«ለዚያም መላ አለው። ክዳኑን የሚረከበው ማኅበር አሁን ጠርሙሱን ከነክዳኑ ይቀበላል። መቁረጥ አያስፈልግዎትም።»

«ሕጉን ያወጡት ሰዎች ልጅ አዝለው ዳገት ወጥተው ያውቃሉ?»

«አያውቁ ይሆናል» አለ ቴልሞ።

«እንግዲያስ! አንተ ቆሻሻ ትለዋለህ፤ እኔ እግር እለዋለሁ። አልዚራዬ በዚህ ነው የሄደችው።»

«እግር መሆኑን አልካድኩም፣ አክስቴ። ያኔ ከለቀሙት ልጆች አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጠርሙሱን አለመግዛት ነው። የአደባባዩ ምንጭ ሌት ተቀን ይፈሳል፤ ውሃውም የተመረመረ፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ ቢጠጡ…»

«ከምንጭ ከጠጣሁ ክዳኑን ከየት አመጣለሁ?»

የተናገሩት ለራሳቸውም ዘግይቶ የገባቸው ይመስል ዓይናቸውን ወደ ጠርሙሱ መለሱ። ወይዘሮ ዙልሚራ ውሃ ጠምቷቸው ክዳን የሚያጠራቅሙ አልነበሩም፤ ለክዳኑ ሲሉ ውሃ የሚገዙ ነበሩ። ለችግር የተጀመረ ልማድ ችግሩ ካለፈ በኋላም እንዲህ ቤት ሠርቶ ይቀራል፤ በተለይ ሐዘን በር ሲከፍትለት።

እኔና ቴልሞ ከረጢታቸውን ይዘንላቸው ወደ ቤታቸው ዳገቱን አብረን ወጣን። ከቤታቸው ጀርባ በቆርቆሮ ዳስ ሥር አሥራ አንድ ጆንያ ሙሉ ክዳን ተደርድሯል። ክዳኑን ወደ ፋብሪካ የሚጭነው ጀልባ ከበጋ ወዲህ አልመጣም ነበር። ከጆንያዎቹ ሁለት እርምጃ ብቻ ርቆ የጎርፍ መውረጃው ይጀምራል።

«አክስቴ፣ ይህን እንኳ ወደ ላይ ላውጣልዎት። ዝናቡ ሊመጣ ነው» አለ ቴልሞ።

«አትንካብኝ! ዛሬ ጆንያውን፣ ነገ ደግሞ ልጅሽን እርሺ ትለኛለህ። በል ሂድ።»

ቴልሞ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔ ልጁ ልክ መሆኑን አውቄ፣ ሴትዮዋን ላለማስከፋት ዝም አልኩ። ለጨዋነት ብዬ ያልተናገርኩት አንድ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በስምንተኛው ቀን ማዕበል መጣ። አንድ ቀን ሙሉ ሰማይ ተቀድዶ ዘነበ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ባሕሩ ስወርድ፣ ጥቁሩ የድንጋይ ዳርቻ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ማዕበሉ ሲመጣ ክዳኖቹ አብረው ይመጣሉ፤ ሲመለስ እየተንሿሹ አብረው ይመለሳሉ።

ወይዘሮ ዙልሚራ ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ መሃል ላይ ቆመዋል። «መምህር» አሉኝ፣ «ይህ ሁሉ የኔ ነው?»

«አዎን» አልኳቸው።

ቴልሞ ከእኛ በፊት ደርሶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ በዓሣ መረብ ይለቅማል። ቀና ብሎ አላየንም። እሳቸው ሄደው ከበላዩ ቆሙ።

«በል ተናገር! ነግሬሽ ነበር በለኝ!»

«መናገሩ ምን ያደርጋል፣ አክስቴ? ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሞልቶ ሲመለስ የቀረውን ይዞት ይሄዳል። ያንን ጫፍ ይያዙልኝ።»

የመረቡን ጫፍ ያዙ። አራት ቀን ተለቀመ። ዓሣ አጥማጁም፣ ቄሱም፣ በአፍንጫቸው ነገር የሳቀው የቡና ቤቱ ሰው ሁሉ አጎነበሰ። ሰባት ጆንያ ያህል አተረፍን። አራቱ የለም። የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው የለም።

በዚህ ወቅት ካጋሮ የምንላቸው የባሕር ወፎች ጫጩቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎጇቸው ይወጣሉ። ማዕበሉ ብዙዎቹን መንገድ ላይ ጥሏቸው ስለነበር፣ ቴልሞ በካርቶን እየሰበሰበ በአሮጌው የዓሣ መጋዘን ያስታምማቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዙልሚራ ዳቦና ሾርባ ይዘውለት ሲገቡ አብሬያቸው ነበርኩ። አንዲት ጫጩት ሞታ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች።

«ምን ሆና ነው?»

«ክብደት የላትም። ሆዷን ከፍቼ ማየት አለብኝ። እርስዎ ውጭ ይቆዩ።»

«አልወጣም። ክፈተው።»

ከፈተው። ከትንሿ ከረጢት መሰል ሆድ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ የፕላስቲክ ስብርባሪዎች ወጡ። አንዱ ቀይ ነው፤ ጎበጥ ያለ፣ ዳሩ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው። ክዳን ለከፈተ እጅ ሁሉ የታወቀ ነው።

«የኔ ነው?» አሉ።

«አይደለም። ይህ ብዙ ዓመት ባሕር ላይ ኖሮ የተሰባበረ ነው። የእርስዎ ገና መግባቱ ነው።»

«የኔስ መቼ ይደርሳል?»

ቴልሞ ሊያጽናናቸው ይችል ነበር። ግን አልዋሸም። «ምናልባት የዛሬ አሥር ዓመት። ለሌላ ጫጩት።»

ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «ገና ያልበረረች ናት። ከየት አግኝታ በላችው?»

«ወላጆቿ ናቸው የሚመግቧት። እናቷ ከሩቅ ባሕር በጉሮሮዋ ይዛ ታመጣለች።»

«ምግብ መስሏት።»

«አዎ፣ ምግብ መስሏት።»

«ወላድ አይደለች?» አሉ። «ለልጄ ይበጃል ብላ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው አለቀሱ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየሁም። ቴልሞም ከጎናቸው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እጃቸውን ያዘ።

ብዙ ቆይተው፣ «ልጄ» አሉት፤ «ክዳን መልቀሜን ካቆምኩ እሷን የረሳኋት ይመስለኛል። ማታ ቁጭ ብዬ ስቆርጥ አብራኝ ያለች ይመስለኝ ነበር።»

«አክስቴ፣ አልዚራን የምናስባት በክዳኑ አይደለም። እኔ የማስታውሳት ወንበሯ ላይ ሆና ዓሣ አጥማጆቹን ስትሰድብ ነው።»

በእንባቸው መሃል ሳቁ። «ምላሷስ እውነትም ስለት ነበር።»

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አስፈቅደው ተነሡ። በሕይወታቸው በሕዝብ ፊት ተናግረው አያውቁም።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ለልጄ ለቅማችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከዛሬ ወዲያ ግን ቆርጣችሁ አታምጡልኝ። የታሰረውን ክዳን እንደታሰረ ተዉት፤ ጠርሙሱን ጨፍልቃችሁ፣ ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙት። አፍንጫችሁን ቢመታችሁ ቻሉት፤ አፍንጫ ይድናል። ከነክዳኑ ስናስረክብ ለወንበር የሚሆነው አይቀርም፤ ወደ ባሕር የሚሄደውም ይቀንሳል። ከሁሉም ደግሞ ምንጭ አለን፤ እንሥራ አለን። ውሃ እየፈሰሰልን ውሃ መግዛት ጥጋብ እንጂ ጥማት አይደለም። እኔ ጥፋቴን ባሕር ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ አላወጣውም። እናንተ አትጨምሩ።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሆነ። ምንጩ ዳር የመዳብ ቧንቧ ተተክሏል፤ ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ የቆርቆሮ ኮዳ አድሏል። ሱቁ ቀድሞ በሳምንት ይጨርሰው የነበረውን ውሃ ዛሬ በወር አይጨርሰውም። የጎርፍ መውረጃው አፍ ላይ መረብ ተዘርግቷል። ማዶ ባለው ደሴት ለሚኖር አንድ ሕፃን ወንበር ተልኳል፤ ከነክዳኑ በተሰበሰበ ጠርሙስ። እንዲህ ያለው ለውጥ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። ትንሽ ነው። ጥፋቱም የመጣው በትንሽ በትንሹ ነው። ባሕሩን ብቻችንን አናጸዳውም፤ ከእኛ በኩል የሚገባውን ግን ማስቆም የእኛ ፋንታ ነው። ይህን ለማወቅ የአንዲት እናት ልብ መሰበር ባላስፈለገ ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ቴልሞ የወደቁትን ጫጩቶች ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ ሲለቅ፣ ወይዘሮ ዙልሚራ ካርቶኑን ተሸክመው ሄዱ። አንዷን ወፍ በሁለት እጃቸው ያዙ። በጥቁሩ ልብሳቸው ላይ ልቧ ሲመታ ይታይ ነበር።

«መቼ ትመለሳለች?»

«መጀመሪያ ዓመታትን ባሕር ላይ ታሳልፋለች። ጎጆ ለመሥራት የምትመለሰው ከሰባት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።»

«እንግዲያ እኔ አላያትም።»

ቴልሞ ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ። እኔም ወደዚያው ተመለከትኩ። ሴትዮዋ እጃቸውን ከፈቱ፤ ወፏ ዝቅ ብላ ልትወድቅ መስላ፣ ከዚያ ነፋሱን አግኝታ ሄደች። ከዓይናቸው እስክትጠፋ ቆሙ።

ከዚያ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ወደ ቴልሞ ዞሩ። «ሌላ አለ?» አሉት።