እትዬ ንቀሉት እና የእናቴ ኮምፒውተር

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነው መጀመሪያ ቢሯችን የገቡ ዕለት እንግዲህ ልንጨብጣቸው ተሰልፈን እጃችንን ዘርግተን ነበር። እሳቸው በመካከላችን አልፈው ጠረጴዛ ስር ገቡ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስክሪን ላይ መስኮት በመስኮት ላይ ሲከፈት ከበር አይተውት ኖሮ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀሉና፣ እዚያው ስር ሆነው «እንደምን አደራችሁ» አሉን። ከዚያ ወዲህ ስማቸው እትዬ ንቀሉት ነው።

ፍላሽ ስትሰጧቸውማ በሁለት ጣት አንጠልጥለው «ይሄ ደግሞ የት አድሮ ነው የመጣው?» ይላሉ። ሥራ አስኪያጃችን ሳይቀሩ የት እንዳደረ ቆመው ሲያስረዱ አይተናል። እዚህ ተቀምጠው እየሳቁ ነው፣ ይመስክሩ።

ለእኔ ግን ውለታቸው ቤቴ ድረስ ነው። የእናቴ ኮምፒውተር ታሞ ነበር። ማስታወቂያ በራሱ ይከፈታል፣ በራሱ ይጮኻል። እናቴ አንሶላ አልብሳው ጸሎት ጀምራለች። የጠራነው ጠጋኝ «ያለው ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው» ሲለን ክው አልን። የሟች አባቴ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

እትዬ በዕረፍት ቀናቸው መጡ። ገመዱን ነቀሉ፣ መቼም ይህን ጠብቃችኋል። ድምፁንና ፎቶዎቹን ለብቻ ገለበጡ፣ ማናችንም የማናውቃቸውን ፕሮግራሞች አወጡ፣ ማሽኑን በጸረ ቫይረስ ከጥግ እስከ ጥግ ፈተሹት። ዳነ። በሳምንቱ ያው በሽታ ተመለሰ።

ሁለተኛ ሲመጡ ኮምፒውተሩን ዞር ብለውም አላዩት። ቤተሰቡን ሶፋ ላይ ደርድረው መመርመር ያዙ። አጎቴን ላብ ላብ አለው። ለካስ ነጻ ፊልም እያለ የሚሰካው የእሱ ፍላሽ ነው።

«እኔ ላጸዳ እችላለሁ፤ በሩን የምትዘጉት እናንተ ናችሁ» አሉን።

ፍላሹ ተጸዳ፣ የይለፍ ቃሎቻችን ከንጹሕ ስልክ ተቀየሩ፣ የኮምፒውተሩ ማሻሻያ በራሱ እንዲጫን ተደረገ። ለእናቴም ፕሮግራም መጫን የማይፈቅድ መግቢያ ተከፈተላት። ተቆጣች፤ በገዛ ቤቴ ፈቃድ ልጠይቅ ወይ አለች።

«እርስዎ ሲከለከሉ እኮ ቫይረሱም ይከለከላል» አሏት።

እናቴ አሰበችበትና የዋናውን መግቢያ የይለፍ ቃል ለራሷ ብቻ ይዛ ቀረች። አጎቴ ይኸው እስከ ዛሬ ይለማመጣታል።

እትዬ፣ ያ ድምፅ ምን እንደሚል ነግረንዎት አናውቅም። አባቴ ለእህቴ ሰላምታ ሊቀዳ ተቀምጦ እናቴን «ይሄ ነገር ይቀዳል እንዴ? ኧረ ተዪኝ፣ አልችልበትም» ይላትና ይስቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ትከፍተውና አብራው ትስቃለች። ሳቁን ያተረፉልን እርስዎ ነዎት። በጣም እናመሰግንዎታለን፣ ዕድሜ ይስጥልን።

የድምፁ አንዱ ቅጂ ሁልጊዜ ከቤት ውጭ ይቀመጥ ብለውን ነበር። እናቴ የሚታመን ሰው ስታማርጥ ቆይታ ይህን ፍላሽ ልካለች። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ ብላለች።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ጡረታዎ የጤናና የሳቅ ይሁን፣ ጉልበትዎም ጠረጴዛ ስር ከመግባት ይረፍ። ለእትዬ ንቀሉት!

ፍላሹን ታዲያ ከመክፈትዎ በፊት ይፈትሹት። እናቴ አትቀየምም። እንዲያውም «ሳይፈትሹ ከከፈቱት ተቀብለህ አምጣልኝ» ብላኛለች።