ኮምቦ ሳይሰማ የወጣው ትእዛዝ

አዛውንቱ የሃልዋ ጣፋጭ ሠሪ ፋማው በሊኮኒ የባሕር መሻገሪያ ጀልባ ላይ ቆመው ሳለ፣ የእህታቸው ልጅ ጠበቃዋ ሙኒራ ከሕዝቡ መሀል ብቅ አለች። ሰላምታ ሲለዋወጡ ዓይኗ ነጩ ጀለቢያቸው ላይ ቀረ፤ አንድ እግራቸው አልታጠፍ ብሏል።

«አጎቴ፣ እግርዎን ምን ነካው?»

«ቁርጥማት ነው ልጄ።»

«ቁርጥማቱ ከጀለቢያው ሥር ብቅ ብሏል እኮ!»

ሽማግሌው አፍረው የደበቁትን ፌሮ አወጡ። የቀድሞ ሠራተኛቸውን የኮምቦን በር ሊሰብሩ ነበር የሚሄዱት። ኮምቦ ምስጢር ላያወጣ ፈርሞ ለዓመታት አብሯቸው ሠርቷል። ሃልዋቸው ለወራት ሳይደርቅ የሚቆየው በዝግ ክፍል በሚሠሩት በመጨረሻው ሥራ ነው። ኮምቦ ይህንኑ ተደብቆ በስልኩ ቀርጾ ወጣ፤ ቪዲዮውን ለናይሮቢ ፋብሪካ ሊሸጥ መሆኑንም ሠርግ ላይ ጨዋታ ሞቅ ሲልለት ለፈለፈው።

«ስልኩን ቀምቼ ባሕር ውስጥ ነው የምወረውረው!»

«ያኔ እርስዎ ወንጀለኛ፣ እሱ ተበዳይ። ማስረጃውንም በገዛ እጅዎ አጠፉለት። ፍርድ ቤት እንሂድ።»

«ፍርድ ቤት? መጥሪያ ይላክለታል፤ እሱም ቪዲዮውን አጥፍቶ እንደ ሙሽራ አምሮበት ይቀርባል!»

«ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ አለ። ዳኛው እኛን ብቻ ሰምተው፣ እሱ ሳያውቅ ፍተሻ ያዝዛሉ።»

ፋማው እፎይ ይላሉ ስትል ጭራሽ ተቆጡ። «ሰው ሳይጠየቅ ቤቱ ይበረበራል? ነገ የእኔንም ቤት እንዲህ ሊያደርጉት ነዋ!»

ሙኒራ ፈገግ አለች። ጥያቄው የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነበርና። «ስለዚህ ነው ልጓም የበዛበት። በቀን እንጂ በሌሊት አይገባም። የእኛም የእሱም ወገን ያልሆነ ጠበቃ ይመራዋል፤ ትእዛዙን በሚገባው ቋንቋ ያስረዳዋል። ኮምቦ የራሱን ጠበቃ ይጠራል። በር አይሰበርም፤ አልከፍትም ካለ ግን ፍርድ ቤት በመድፈር ይጠየቃል። ከተጻፈው ውጭ አንድ ማንኪያ አይነካም። ተሳስተን ከሆነ ደግሞ ካሳውን እርስዎ ይከፍሉታል።»

«እኔ?»

«እርስዎ! የሚጎዳዎትንም ነገር ሳይደብቁ ለዳኛው ይናገራሉ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው... በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ ዱቄቱንና ቅመሙን ዘርዝሬያለሁ። የመጨረሻዋን ነገር ብቻ ነው የደበቅኩት።»

«አጎቴ! እሱን ነው አስቀድመን የምንናገረው።»

ጀልባው ማዶ ደረሰ። ፋማው ፌሮውን ለሙኒራ አስረክበው፣ ከጀልባው ሳይወርዱ ከእሷ ጋር ተመለሱ።

ዳኛው የሬዲዮውን ነገር ሲሰሙ ሳቁ፤ የመጨረሻው ሥራ ግን ምስጢር ሆኖ መቆየቱን አምነው ትእዛዙን ሰጡ። በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ አቺየንግ የተባሉ ገለልተኛ አንጋፋ ጠበቃ ከሙኒራ ጋር ሄደው የኮምቦን በር አንኳኩ። ፋማው መግባት ስላልተፈቀደላቸው ከመንገዱ ማዶ ካሳቫ ጥብስ ይዘው ቀሩ፤ መጉረስ ግን አቃታቸው። ኮምቦ ጮኸ፣ ጠበቃውን ጠራ፣ በመጨረሻ ጠበቃው ራሱ «ክፈት» አለው። ቪዲዮው ከስልኩ ተገኘ፤ ተገልብጦና ታሽጎ ወይዘሮዋ ዘንድ ተቀመጠ።

ሙኒራ ስትወጣ ፋማው ሮጠው ተቀበሏት። «ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«ተመስገን! ስሚማ፣ ኮምቦ ራሱ የፈጠረው ያ የኮኮናት ሃልዋስ? ምን እንደሚጨምርበት አላያችሁም?»

«የእሱ ነው አጎቴ፤ በትእዛዙ ውስጥ የለም። ባይም አልነግርዎትም።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። የእሳቸውን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ የኮምቦንም እንደሚጠብቅ ያን ጊዜ ገባቸው፤ በልባቸውም ለሕጉ እጅ ሰጡ።

ችሎቱ ኮምቦን ሰምቶ ሽያጩን አገደ፤ ቪዲዮውም እንዲጠፋ አዘዘ። የራሱን የኮኮናት ሃልዋ እንዳይሸጥ ግን ማንም አልከለከለውም፤ ደንበኛው እንዲያውም በዛ። ከዚያ ወዲህ ፋማው ከመስጊድ ሲወጡ ለተቆጣ ጎረቤት ሁሉ ይመክራሉ፦ «በጉልበት የወሰድከው ማስረጃ ክስ ያመጣብሃል፤ በሕግ የተያዘው ግን ያንተን ሀቅ ያወጣል፤ ጎረቤትህንም ጠላት አያደርግብህም።»

አንድ ቀን ሙኒራ ብትጎበኛቸው አፋቸው ሞልቶ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ አገኘቻቸው። ፊታቸው የኮምቦ የኮኮናት ሃልዋ ተቀምጧል።

«ሦስተኛዬ ነው» አሉ በኀፍረት። «ምን እንደከተተበት ላገኘው አልቻልኩም። ይሄም ያስከስሳል?»

«መቅመስማ መብትዎ ነው» አለችና ቁራሽ አንስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።