በያደታ ምንጭ ላይ የወጡ እጆች

የመቱ ከተማ ዝናብ ለቀብር እንኳ ይሉኝታ የለውም። የአናጢውን የኩመራን ልጅ ሌንሴን ቀብረን ስንመለስ መንገድ ላይ ያዘንና ለቀስተኛው በየቤቱ ጥግ ተሸጎጠ። እኔም ጋቢዬን በራሴ ላይ ጥዬ ሮጥኩ፤ የልብስ ሰፊው የጋሼ ወልደ የሱስ በረንዳ ስለቀረበኝ እዚያ ተጠለልኩ።

ሌንሴ አንደኛ ክፍል የማስተምራት ልጅ ነበረች። ሰኞ ተቅማጥ ያዛት፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አፈር ለበሰች። እኔ በፋሲካ ሰሞን ነው ወደ እነሌንሴ ቀበሌ ቤት ተከራይቼ የገባሁት፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያው ሰፈር ልጅ ስንቀብር ሁለተኛችን ነበር።

በረንዳው ላይ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው ባለቤቱ ጋሼ ወልደ የሱስ ናቸው። ሽበታም፣ ጨዋ፣ ከሰላምታ በላይ ቃል የማይወጣቸው ሰው። ሁለተኛዋ የጤና ረዳቷ ሙሉብርሃን ነበረች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ለበሰች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ቁጣዋ ከፊቷ ይነበብ ነበር።

«እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደ» አሉ ጋሼ ወልደ የሱስ። «ምን ይደረጋል፣ መምህር!»

«አሜን» ልል አፌን ስከፍት ሙሉብርሃን ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼን በእግዜር አያሳብቡ። ልጅቷን የገደላት ውኃው ነው።»

«የቱ ውኃ?»

«የያደታ ምንጭ ነዋ! ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው። ቀበሌው በበጋ ያስቆፈረው የቆሻሻ ጉድጓድ ከምንጩ በላይ ነው ያለው። የገበያው ጥራጊ፣ የታረደው ከብት ፈርስ፣ ሁሉም እዚያ ይጣላል። ዝናቡ ሲመጣ ያ ሁሉ ታጥቦ ምንጩ ውስጥ ይገባል። እኔ ጅማ ለሥልጠና ሄጄ ነበር እንጂ ሲወሰን ብኖር እጮህ ነበር። እርስዎ ግን እዚህ ነበሩ። ዕድሜዎን የኖሩት እዚህ ነው። ጎርፉ በየት እንደሚወርድ አያውቁም ነበር?»

ሽማግሌው ከበረንዳው ፊት ያለፈውን ቀይ ጎርፍ በዓይናቸው ተከተሉት። ጎርፉ ወደ ምንጩ ነበር የሚወርደው።

«አውቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ይክዳሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«በበጋው የቀበሌ ስብሰባ ሦስተኛው አጀንዳ ነበር» ብለው ቀጠሉ። «ሊቀ መንበሩ ‹ከተማችን እንድትጸዳ ጉድጓዱ ከገበያው በላይ ይቆፈር፤ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ› አለ። አወጣሁ። ሁሉም አወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ ተባለ፤ አጨብጭበን ወደየቤታችን ሄድን።»

«እያወቁ?»

«እያወቅኩ። ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡማ የልጆች አፍ ገባ፣ ጋሼ።»

ይህን ጊዜ ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አንቺ ፈንታሁንን ታውቂዋለሽ። አብረሽው ተምረሻል። ልጄ ምን ብሎ ነበር? ‹ለሕብረት ሱቅ የመጣው ስኳር የት ገባ?› አለ። ይኸው ነው! ስለ ስኳር ጠየቀ። በዚያው ሳምንት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱት። አምስት ዓመት ሞላው። ሬሳው የት እንዳለ አላውቅም። አንቺ ዛሬ ቀብረሽ መጣሽ፤ እኔ ልጄን አልቀበርኩም። እና እኔን ነው ተናገር የምትዪኝ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ምክር ለመስጠት ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ለዚህ አባት የምለው አንድ ቃል ግን አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ሙሉብርሃንም ዝም ብትል ደስ ባለኝ።

እሷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ፈንታሁን ወንድሜ ነበር ብል አላጋነንኩም። ጋሼ፣ ስለ መንግሥት ይናገሩ አላልኩዎትም። ውኃ ወደ ታች ይፈሳል ብለው ይንገሯቸው ነው ያልኩት።»

«ያን ጊዜስ ስኳር አልነበረም እንዴ? የሚያስጠይቀውንና የማያስጠይቀውን ማን ለይቶልኝ?»

«ማንም አይለይልዎትም። መፍራትዎ ትክክል ነው፤ እኔም እፈራለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፈንታሁን የሞተው ስለተናገረ ነው ይላሉ። ሌንሴስ በምን ሞተች?»

ጋሼ ወልደ የሱስ ጎርፉን መልሰው አዩ።

«እኛ ዝም ስላልን ነው የሞተችው» አለች። «ዝም ያለው ይተርፋል የሚሉት እውነት ቢሆን ኖሮ እሷ በኖረች። ምንም አልተናገረችም። ውኃ ብቻ ነው የጠጣችው። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ሲሉ ያሳደጉን እናንተው ናችሁ። የሰፈር በሽታስ ሲደበቅ ምን ይሆናል?»

«አታዋርጂኝ፣ ልጄ። በቃ፣ አታዋርጂኝ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ያበቃም ነበር፤ እትዬ ትብለጥ በዚያ ሰዓት ባያልፉ ኖሮ።

እትዬ ትብለጥ የጋሼ ወልደ የሱስ ባለቤት ናቸው። እንስራ አዝለው፣ ከዝናቡ ጋር እየታገሉ ዳገቱን ሲወጡ አየናቸው።

«ትብለጥ! በዚህ ዝናብ ከየት ነው?» አሉ ባልየው።

«ከያደታ ምንጭ ነዋ! የኩመራ ሚስት የዋሪቱ ቤት ለቀስተኛ ሞልቶ የሚጠጣ ጠብታ ውኃ የለም። እናትየዋ ምንም አልቀመሰችም፤ እሷን እንኳ ጉሮሮዋን ላርጥብላት ብዬ ነው።»

ሙሉብርሃን ወደ ሽማግሌው አየች። 

ጋሼ ወልደ የሱስ ከበረንዳው ወርደው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። እንስራውን ከሚስታቸው ጀርባ አወረዱና መንገዱ ላይ ደፉት።

«ኧረ አብደሃል! የለቅሶ ቤት ውኃ ይደፋል?» ብለው ጮኹ እትዬ ትብለጥ።

«ይደፋል! መርዝ ነው! ልጅቷን የገደላት ይኸው ውኃ ነው፤ ለእናትየው ልትወስጂላት ነው?»

በየጥጉ የተጠለለው ለቀስተኛ ሁሉ ሰማ። ከሰላምታ በላይ የማይናገሩ ሰው እንዲህ ሲጮሁ የሰማቸው አልነበረም። ሙሉብርሃን ወዲያው ወርዳ ሴቶቹን ሰበሰበች፤ የተቀዳው ሁሉ ሳይፈላ እንዳይጠጣ፣ ለለቅሶው ቤት የጣሪያ ውኃ አጠራቅመው እንዲያፈሉ ነገረቻቸው።

እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ነበር። አጀንዳው የተለመደው ነው፤ የመንገድ ዳር ሣር ማጨድ፣ የሌሊት ጥበቃ ሮንድ ተራ፣ የአዳራሹ ጣሪያ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ደርበው ከኖፓ ወረዳ ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው። ያነባል፤ እጅ ይወጣል፤ ይጨበጨባል። «ሌላ ከሌለ...» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ አንድ እጅ ወጣ።

«ለድጋፍ ነው፣ ጋሼ? ድምፁ አልቋል እኮ።»

«ለመናገር ነው» አሉ ጋሼ ወልደ የሱስ።

ተነሡ። የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ማውረድ ረስተዋል። የፈንታሁንን ነገር የማያውቅ አልነበረም፤ እትዬ ትብለጥ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የቆሻሻው ጉድጓድ ከያደታ ምንጭ በላይ ነው። በክረምት ጎርፉ በዚያ ይወርዳል። በበጋ እጄን ሳወጣ ይህን አውቅ ነበር። ይኸው ነው።»

የጓድ ደርበው ፊት ተለዋወጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አስቀመጠና፣ «እኔ አገሩን ያየሁት በበጋ ነው፤ መሬቱ ደረቅ ነበር። ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ባለሱቁ ሽበሺ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እኔም አውቅ ነበር» አለ። እትዬ ሮማነወርቅ፣ «እኛም እኮ... ሌላ ሰው ይናገራል ብለን ነው» አሉ። ከኋላም ከፊትም «አውቅ ነበር» የሚለው በዛ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እያንዳንዱ በተናገረ ቁጥር እኔ የማየው ከበሩ አጠገብ የተቀመጠውን ኩመራን ነበር። የሐዘን ጢሙን ሳይላጭ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ይሰማል።

በመጨረሻ ኩመራ ተነሣ።

«ቢሻን ሂንዱበቱ» አለ በኦሮምኛ፤ ከዚያ ወደ አማርኛ መለሰው። «ውኃ አይናገርም። መናገር የነበረብን እኛ ነን። እናንተን አልረግምም። እኔም እዚያች ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ቶሎ ወደ ሥራዬ እንድሄድ ብዬ ሳልሰማ እጄን አወጣሁ። ልጄ ያን ዕለት ደኅና ነበረች።»

ብሎ ተቀመጠ። ያን ዕለት ያጨበጨበ የለም።

ጉድጓዱ በዘመቻ ተደፈነና ከገበያው በታች፣ ቤት በሌለበት በኩል ሌላ ተቆፈረ። ምንጩ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገነባ፤ ዙሪያው ታጠረ። ውኃ አፍልቶ መጠጣት በየቤቱ ተለመደ። ክረምቱ እስኪወጣ ከዚያ ሰፈር ሌላ ልጅ አልቀበርንም። ጋሼ ወልደ የሱስንም የነካቸው አልነበረም፤ ነገር ግን ሌሊት መኪና በደጅ ባለፈ ቁጥር ተነሥተው ይቀመጡ እንደነበር እትዬ ትብለጥ ነግረውኛል። የተናገረ ሁሉ ይተርፋል ብዬ አልዋሽም። ዝም ያለ ሁሉ ይተርፋል የሚለው ግን ውሸት መሆኑን አይቻለሁ። እጅ ቀላል ነገር ይመስለናል፤ ሳይሰሙ ያወጡት እጅ ግን ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ጉድጓዱ ለማን እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም።

የቀበሌው ስብሰባ ዛሬ ይረዝማል። ጓድ ደርበው ራሱ፣ «ይህን ቦታ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ ድምፅ አያሰጥም። እጅ አውጡ ሲባልም አዳራሹ በሙሉ መጀመሪያ ዞሮ ኩመራን ያያል።