ከቦርሳው ጋር የተመረቀች ሻማ

ያን ዕለት የቦርሳዬ ማንገቻ መንገድ ላይ ባይበጠስ ኖሮ ከቦርሳ ሰፊው ሽማግሌ ጋር ባልተዋወቅን ነበር፤ ስለዚህ ማንገቻውን አመሰግናለሁ። ማመልከቻ ጸሐፊ መሆኔን ሲሰሙ መርፌያቸውን አስቀመጡ።

«እግዜር ነው ያመጣህ። የውጭ ቦርሳና ዚፕ እንዳይገባ የተጣለው ክልከላ ሊያበቃ ነው። አሥር ዓመት ይራዘምልን ብለህ ጻፍልኝ።»

ንግድ የተማረችው የእህታቸው ልጅ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «አጎቴ፣ ከመጻፉ በፊት ከባሕር ማዶ የተመለሱትን ቦርሳዎች ያሳዩት እንጂ።»

«ምቀኞች ናቸው የመለሱት።»

«ምቀኝነት አይደለም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። ኪሱ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ሻማ ለምን እንደሆነች ጠይቀዋል።»

ለማያውቅ ልንገር። የአገር ውስጡ ዚፕ ይነክሳል። ስለዚህ ሽማግሌው ዚፑ እንዲንሸራተት የሚታሽባት ሻማ ከየቦርሳው ጋር ይመርቃሉ። ከገበያ በገዛሁት በእኔም ቦርሳ ውስጥ አንዷ አለች። እዚህ ይህ ደግነት ይባላል።

«በጥሩ ዚፕ ሠርታችሁ ላኩ ብለው አንድ ዕድል ሰጥተውናል» አለች ልጅቱ። «ከየት እንግዛ? ዚፕ ሠሪው ተፎካካሪ ስለሌለው ዋጋውን ጨመረ እንጂ ጥርሱን አላስተካከለም።»

«እሱ ሰነፍ ነው። እኛ ምን አደረግን?»

«እኛንም የከለለን ያው የተዘጋ በር ነው። እዚህ የሚገዙን ሌላ ስላጡ ነው። ውጭ ግን ምርጫ አላቸው።»

«በሩ ተከፍቶ ጎርፍ ቢወስደንስ? አሥራ ሁለት ሰፊ ይዣለሁ፤ ማን ደጅ ልጣላቸው?»

ልጅቱ አልሳቀችም። «እኔም የምፈራው ለእነሱ ነው። ይህ የባሕር ማዶ ትዕዛዝ ካመለጠን ሥራ የላቸውም። ዚፑ አሁኑኑ ይግባ፤ የቦርሳው ክልከላ ግን እጃችንን እስክናሻሽል ሁለት ዓመት ብቻ ይራዘም ብለን እንለምን።» ከተመለሱት አንዱን አቀበለቻቸው። «እስቲ ይክፈቱት።»

ሳቡት፤ ነከሰ። ደግመው ሳቡት። ቀኝ እጃቸው ማንንም ሳያማክር ኮታቸው ኪስ ገባ፤ ሻማዋን እንደያዘ እዚያው ቀረ።

«ለካ እኔም ለምጄዋለሁ» አሉ። «ጌታው፣ እሷ እንዳለችው ጻፍ። አንቺም ተባረኪ ልጄ፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እጣላው ነበር።»

ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቶ ዚፑ ገባ፤ ትዕዛዙ ሄደ፤ ሁለተኛም መጣ። አሥራ ሁለቱ ሰፊዎች አሥራ ስምንት ሆኑ። ዚፕ ሠሪው እንኳ ደንበኛ ሲሸሸው አዲስ ማሽን ተከለ፤ አሁን የእሱም ዚፕ አይነክስም። ከፉክክር የተሸሸገ እጅ ጉድለቱን እንደ ሙያ እንደሚቆጥር ያወቅሁት ከእነዚህ ሰዎች ነው።

ለድካሜ አዲስ ቦርሳ ሰጡኝ። በአንድ ጣት ይከፈታል፤ ምራቂም የለው። መብራት ሲጠፋ ግን የድሮዋን ሻማ አበራና ሽማግሌውንም ልጅቱንም አመሰግናለሁ።